የእትዬ ዘርፌ ፉከራ

እትዬ ዘርፌ ስትሞት እኔ ሁለት እንግዶች ይዤ ተራራው ላይ፣ ጨነቅ ከሚባለው ሰፈር ነበርኩ። መርዶውን ያመጣልኝ ከታች የወጣ በቅሎ ነጂ ነው። «ባለ ሻይ ቤቷ አረፈች» አለኝ፣ ጭነቱን እየፈታ። ሰው ሲረዳ መጀመሪያ የሚመጣበት ሐዘን ነው ይባላል። እኔን የያዘኝ እፍረት ነው። ተራራውን ስወርድም፣ ደባርቅ ስገባም፣ ለቅሶ ቤቱ በር ላይ ነጠላዬን ሳዘቀዝቅም አብሮኝ ነበር።

ቀብሩ አምልጦኛል። ድንኳኑ ግን ገና አልተነሣም። ለቅሶ ቤት ካርታ መጫወት በኛ ከተማ ነውር አይደለም፤ ወንድ ቀኑን ሙሉ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ምን ያድርግ? ንፍሮ ይቆረጥማል፣ ስለ ዝናብ ያወራል፣ ከዚያ አንዱ ከኪሱ ካርታ ያወጣል። ያን ቀን የወጣው ካርታ ግን የራሷ የእትዬ ዘርፌ ነበር። ጠርዙ እንደ አሮጌ ዳዊት የጠቆረ፣ በእጅ ብዛት የለሰለሰ ካርታ ነው። ይዞት የነበረው ማማሩ፣ እንደኔው አስጎብኚ የሆነ ጓደኛዬ፣ ገና ሲያየኝ ጮኸ።

«ኧረ ንጉሡ መጣ! ቦታ ልቀቁለት! ነፍሷን ይማርና እሷን ራሷን በካርታ ስንት ዓመት ያስለቀሳት ሰው ነው!»

ሰው ሳቀ። የእትዬ ዘርፌ እኅት እንኳ ከማዶ ሆና ፈገግ አለች። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ንጉሥ አይደለሁም፤ ሆኜም አላውቅም። ይህን የምናውቅ ሁለት ሰዎች ነበርን፤ አሁን አንድ ቀረን።

ቤቷ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ወደ ሊማሊሞ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው። ሻይ፣ ፓስታና በርበሬው የበዛ ምስር ወጥ ትሸጣለች። እኛ አስጎብኚዎች ሥራ ስንጠብቅ የምንውለው እዚያ ነው። ሰፊ ሴት ነበረች፤ ሳቋ መናኸሪያው ድረስ ይሰማል፤ ወሬዋ ማለቂያ የለውም። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አዲስ ሙሽራ ሳለች አብራው ሽሬ ድረስ ትሄድ ነበር አሉ። ሊማሊሞ ላይ ናዳ መንገዱን ሲዘጋ ሾፌሮቹ መኪና ሥር ተቀምጠው ካርታ ይጫወታሉ።

«እኔ ከኋላቸው ሆኜ ድንች እልጣለሁ» ትለን ነበር። «ድንች የሚልጥ ሰው ማንም አያየውም። ካርታ የት አውቃለሁ? እኔ የማውቀው ድንች ነው።»

በኋላ የባሏ መኪና ከዛሪማ በላይ ገደል ገባች። እትዬ ዘርፌ ዳግመኛ አላገባችም፤ ሻይ ቤቱን ከፈተች፤ ድንቹንም መላጥ ቀጠለች።

በዕድሜዋም በግርማዋም አንቱ ልንላት ይገባን ነበር፤ ጀምረንም ነበር። «ኧረ ተዉኝ! አንቱ የተባለች ሴት ካርታ ስትይዝ ሰው ይጠነቀቃታል» ብላ አስተወችን። ቀልድ መሰለን። ስቀን አንቺ አልናት። አሁን መለስ ብዬ ሳስበው ይህች ሴት አንድም ቀን ቀልዳ አታውቅም።

ፖከር ደባርቅ የገባው በእንግዶች በኩል ነው። ጨነቅ ላይ ጉም ሲዘጋ፣ ዋልያውም ገደሉም አልታይ ሲል፣ ፈረንጆቹ ካርታ ያወጣሉ። ከጎናቸው ተቀምጠን አየን፣ ተማርን፣ ይዘነው ወረድን። አምስት አምስት ካርታ ይታደላል፤ የማትፈልገውን ትቀይራለህ፤ ከዚያ እጅህ ላይ ባለውም በሌለውም አስይዘህ ትደፍራለህ፤ ተጋጣሚህ ወይ እኩል አስይዞ ይገባል፣ ወይ ያስያዘውን ትቶልህ ይወጣል። የምናስይዘው የቢራ ቆርኪ ነው። እትዬ ዘርፌ የጨዋታውን ስም የሰማች ዕለት «ምን አላችሁት? ፉከራ?» አለች። ፖከር ነው እትዬ ብንላት አልሰማ አለች። ከዚያ ወዲህ እሷ ቤት ፖከር የሚል ሰው ጠፋ፤ ፉከራ ነው። ስሙም ልክ ሆኖ ተገኘ። እጁ ላይ ምንም ሳይኖር ደረቱን ነፍቶ ቆርኪውን የሚገፋ ሰው ከፎካሪ በምን ይለያል?

የምንጫወተው ግን ለቀልድ አልነበረም። አስጎብኚ የሚሠራው በተራ ነው። እንግዳ እንደ ልብ በነበረ ጊዜ ተራ ቶሎ ይደርሳል፤ እንግዳ ከጠፋ ወዲህ ሰው ተራውን እንደ ዝናብ ነው የሚጠብቀው። አንዳንዴ ባለተራው ይቀራል። አጨዳ ላይ ነው፣ ወይ ጎንደር ወርዷል፣ ወይ ታሟል። ያኔ ተራው ክፍት ይሆናል። ለክፍት ተራ ድሮ እንጣላ ነበር፤ እንዲያውም አንድ ጊዜ ሁለት አበልጆች እትዬ ዘርፌ ደጃፍ ላይ በዱላ ተፈላልጠዋል። የዚያን ዕለት አንዱ «ከእንግዲህ ዕጣ እንጣል» አለ።

እትዬ ዘርፌ ድስቷን እያማሰለች «ዕጣ ዓይን የለውም» አለች። «በፉከራ ይለይ።»

ምን ማለቷ እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም። ሁላችንም ራሳችንን ጎበዝ ስለምንቆጥር ነገሩን ወደድነው። ቆርኪውን ጠቅልሎ የሰበሰበ ክፍቱን ተራ ይወስዳል። እሷ ሰው ሲጎድል ትገባለች። ተራራ የምትወጣ አይደለችምና እሷ ከበላች ጨዋታው ይደገማል።

አጨዋወቷ መሣቂያ ነበር። ካርታ ይወድቅባታል፤ ለማንሣት ስታጎነብስ የቀረውን ሁላችንም እናይባታለን። ንጉሡን ይዛ «ይሄ ጢማሙ ማነው?» ትላለች። ስትወጣ ደግሞ ካርታዋን ገልብጣ ከሻይ ብርጭቆዋ ሥር ትሸጉጠዋለች፤ ለምን እንደሆነ ብትጠየቅ ንፋስ እንዳይወስደው ነው። በየጨዋታው አንድ ጥያቄ አላት። «ቆይ እስቲ፣ ሁለት ጥንድ ይበልጣል ወይስ ሦስት አንድ ዓይነት?» መልሱን የምሰጣት እኔ ነበርኩ፤ እንደ የኔታ ጣቴን ቀስሬ።

«እትዬ፣ ሦስት አንድ ዓይነት ይበልጣል። ስንቴ ልንገርሽ?»

«ምን ላድርግ ሲሳይ? አእምሮዬ እኮ ወንፊት ነው።»

አንድ ቀን እንዲያውም ሻሽ አስሬ፣ ዓይኔን እያጨናበስኩ፣ ካርታ መሬት ላይ እየጣልኩ አጨዋወቷን አስመሰልኩባት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ያ ሳቅ ትዝ ባለኝ ቁጥር ዛሬም ጆሮዬ ይግላል።

እበላም ነበር። ሁልጊዜ አይደለም፤ ሲጨንቀኝ ግን እበላ ነበር። ሲጨንቀኝ መሆኑን ልብ አላልኩትም። ችሎታ መሰለኝ።

የበኩር ልጃችን የተወለደች ሰሞን ነው። ባለቤቴ ውዴ አራስ ናት፤ እንግዳ ከጠፋ ሰንብቷል። ቤታችን ውስጥ ምን እንዳለና ምን እንደጎደለ ያኔ ለማንም አልተናገርኩም። ጠዋት ጠዋት ጃኬቴን አራግፌ ለብሼ፣ ጫማዬን ወልውዬ እትዬ ዘርፌ ቤት እሄዳለሁ፤ ምሳ ብሉ ሲባል «ኧረ እኔ ጠግቤ ነው የወጣሁት» እላለሁ። ከዚህ በላይ ፉከራ አለ?

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ክፍት ተራ መጣ። ብዙ ሰው ያለበት ቡድን ነው፤ ራስ ደጀን ድረስ የሚሄድ። እንዲህ ያለ ተራ አንድ ቤት ያሳድራል። እኔ፣ ማማሩ፣ ሌሎች ሁለት ልጆችና እትዬ ዘርፌ ተቀመጥን። ሁለቱ ልጆች ቶሎ ወጡ። ማማሩን ያወጣችው እሷ ናት፤ «ኧረ በስሕተት ነው የገባሁት!» እያለች ቆርኪውን ጠራረገችበት። ማማሩ በንዴት ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። እኔና እሷ ቀረን።

ሁለት ንጉሥ ደረሰኝ። እሷ ካርታዋን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየች፣ አራቀች፣ ደግሞ አስጠጋች፤ ከዚያ «ይብላኝ!» ብላ ከፊቷ ያለውን ቆርኪ ትንሽ ብቻ አስቀርታ መሐል አፈሰሰችው። እኔም ያለኝን በሙሉ ገፋሁና ከወንበሬ ተነሥቼ ቆምኩ።

«ግቢ እትዬ! ወኔ ካለሽ ግቢ!»

አየችኝ። ቆየት ብላ ነው ያየችኝ። ወዲያው ግን አፍንጫዋን ወደ ጓዳ አዞረች። «ወይኔ ወጤ! ወጤ አረረ! ወጥቻለሁ፣ ወጥቻለሁ!» የቀረቻትን ቆርኪም ወደ እኔ ወርወር አድርጋ፣ ካርታዋን ብርጭቆ ሥር ሸጉጣ ሮጠች። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ሁለቱን ንጉሦች ወደ ላይ አንሥቼ አሳየሁ። ንጉሡ የሚለው ቅጽል የወጣልኝ የዚያን ዕለት ነው።

ካርታውን ልሰበስብ ብርጭቆዋን አነሣሁ። ሦስት አስ ነበር። አስ ከንጉሥ ይበልጣል። ሦስት አንድ ዓይነት ከጥንድ እንደሚበልጥ ደግሞ አስተማሪዋ እኔው ነኝ።

ማንም ሳያይ ካርታውን ቀላቀልኩና ወደ ጓዳ ገባሁ። ወጥ አላረረም። ምድጃው ላይ የተጣደ ነገርም የለም፤ እሳቱ ገና አልተቀጣጠለም። እትዬ ዘርፌ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ በቀሚሷ ጫፍ እጇን ትጠርጋለች፤ እጇ ግን እርጥብ አልነበረም።

«ሦስት አስ ይዘሽ ነው የወጣሽው» አልኳት።

«አስ ነበር እንዴ? ዓይኔ እኮ ደክሟል ልጄ።»

«ወጡስ?»

«ልጥደው ስል ነው።»

የምመልሰውን ሳስብ ዓይኔ መደርደሪያው ላይ አረፈ። ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ፣ አንድ ጎኑ የተላጠ ሳህን፣ ዱቄት ሞልቶት በጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። የኛ ቤት ሳህን ነው። ውዴ አራስ ናትና ዱቄት ለመበደር በእኅቷ ልካው ይሆናል። ምድር ብትከፈትልኝ እገባ ነበር። እትዬ ዘርፌ ዓይኔን ተከትላ ሳህኑን አየች፤ ያ ሁልጊዜ የማይጠፋው ሳቋ ከፊቷ ላይ ወረደ።

«ሳህን ከቤት ቤት ቢዞር ነውር የለውም» አለች ቀስ ብላ። «ሰው ነው መዞር የሌለበት።»

«ተራውን አልፈልግም! እኔ ለማኝ አይደለሁም!»

ጮኼ ነበር መሰለኝ፣ ተስፈንጥራ ተነሥታ የጃኬቴን ደረት ያዘችኝ። እጇ እንዲያ ኃይለኛ መሆኑን አላውቅም ነበር።

«ቀስ በል! ለማኝ ያለህ ማነው? በላህ፤ ሰው ሁሉ አየህ። አሁን ውጣና እንደ ወትሮህ ፎክር። አንገትህን ደፍተህ ከወጣህ ይነቃብኛል። ከተነቃብኝ ነገ የቸገረው ሰው በምን ይበላል?»

ወጣሁና ፎከርኩ። «ዘራፍ! የሁለት ንጉሥ ጌታ!» አልኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ከደስታው ብዛት ነው አሉ። እሷም ከኋላዬ ብቅ ብላ «ጨረሰኝ እኮ! ይሄ ልጅ አንድ ቀን ቤቴን ያዘጋኛል!» እያለች አብራኝ ጮኸች። በማግስቱ ቡድኑን ይዤ ተራራ ወጣሁ። ስመለስ ውዴ ገንፎ እየበላች አገኘኋት። ምንም አልጠየቅኋትም፤ እሷም ምንም አልነገረችኝም።

ከዚያ ወዲህ ነው ጨዋታውን ማየት የጀመርኩት። ማማሩ የበላው በሬው ገደል የገባበት ሳምንት ነው። ሌላው የበላው ልጁን ጎንደር ሐኪም ቤት ሊወስድ ሲል ነው። እትዬ ዘርፌ የማይገባውን ሰው በስሕተት ታወጣዋለች፤ ለሚገባው በስሕተት ትሸነፍለታለች፤ ያልሆነ ሰው ሊጠቀልል ሲል ደግሞ ራሷ ትበላና «ይደገም!» ታሰኛለች። ዕጣ ዓይን የለውም ያለችው ያኔ ገባኝ። እንዴት ታውቃለች? ሻይ ቤት ነው፤ ታያለች። «የራበው ሰው ሻይ ላይ ስኳር ያበዛል» ስትል ሰምቻታለሁ፣ ለራሷ እንደምታወራ። «ፊትማ ይታጠባል፤ ጫማ ግን ችግርን ያወጣዋል» ትልም ነበር።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ጨዋ ሰው ወጣኝ ብል ደስ ባለኝ። አልወጣኝም። እኔን አስወጥታ ለሌላው ስትሸነፍ ውስጤ ይናደድ ነበር፤ ምክንያቱን እያወቅሁ። እንዲያውም አንድ ቀን፣ ቤቴ ሞልቶ ሳለ፣ ደህና ተራ መምጣቱን ስሰማ ፊቷ ቁጭ ብዬ ሻዬ ላይ ስኳር በማንኪያ በማንኪያ ጨመርኩ። ብርጭቆዬን አየችው። ከዚያ ካርታውን እየበወዘች «ሲሳይ፣ ስኳሩን ቀነስ አድርግ፤ ጥርስህ ያልቃል» አለችኝና በመጀመሪያው ዙር ቆርኪዬን አንድ ሳታስቀር በላችው። ሰው ሁሉ «ዕድሏ ነው» አለ። እኔ ብርጭቆዬን ይዤ ውጭ ወጣሁ፤ ሻዩ ከጣፋጭነቱ የተነሣ አይጠጣም ነበር።

ምስጋና አልነገርኳትም። እንዴት ይነገራል? ብናገር ነገሩን ማፍረስ ነው። የማደርግላት አንድ ነገር መፎከር ነበር። እሷ ሞኝ መስላ እንድትኖር እኔ ጎበዝ መስዬ መኖር ነበረብኝ። ንጉሡ ሲሉኝ ደረቴን እነፋለሁ፤ ሁለት ጥንድ ይበልጣል ወይስ ሦስት አንድ ዓይነት ስትለኝ ጣቴን እቀስራለሁ። ዓይን ለዓይን ስንጋጠም እኔ ነኝ ቀድሜ የምሰብረው።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ወደ ጨነቅ ልወጣ ስል ነው። አልጋ ይዛ ነበር። ሰፊዋ ሴት አልጋው ላይ ጠብባለች። ወሬ አልነበራትም፤ እጄን ያዘችኝና «ፉከራውን አደራ» አለች። «ዓይን ያለው አንድ ሰው ይበቃል። አንተ አለህ አይደል?»

«አለሁ እትዬ» አልኳት። ፎከርኩባት ማለት ነው።

እንግዲህ ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጥኩት ይህን አደራ ይዤ ነው። ማማሩ ካርታዋን እየበወዘ ሳለ ለነገ ቡድን እየመጣ መሆኑን ሰማን። ባለተራው የእትዬ ዘርፌ የእኅት ልጅ ነው፤ ለቅሶ ተቀምጦ ወዴት ይሄዳል? ተራው ክፍት ሆነ። «በራሷ ካርታ ይለይ፤ እሷም ደስ ይላታል» አለ ማማሩ። ከቤቷ ቆርኪ መጣ። እኔ፣ ማማሩና እንዳላማው የሚባል የዳባት ልጅ ገባን። እንዳላማው ዝምተኛ ነው፤ ሥራ ከያዘ ገና ብዙ አልቆየም።

«መንገድ እንዴት ነበር?» አልኩት።

«ሚኒባሱ አንገላታኝ እንጂ ደህና ነው።»

ጫማውን አየሁ። እስከ ሱሪው ጉልበት ድረስ አቧራ ለብሷል፤ የአንዱ ጫማ ሶል አፉን ከፍቷል። ከዳባት በሚኒባስ የመጣ ሰው ጫማ አይደለም። ሻይ ዞረ። እንዳላማው ስኳር ጨመረ፣ ማሰለ፣ ግራ ቀኙን አየና ደግሞ ጨመረ፣ ደግሞ ጨመረ። እኔ ከጨነቅ ሥራ ሠርቼ መውረዴ ነው፤ ተራው ለእኔ ትርፍ ነው፣ ለእሱ እንጀራ ነው። ዓይን አለኝ ለካ! እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። እትዬ ዘርፌን አላሳፍራትም አልኩ በልቤ።

ማማሩን አወጣሁት። በችሎታ አይደለም፤ ካርታው መጣልኝ። ያ ሁሉ ቆርኪ እኔ ፊት ተከመረ። አሁን ለእንዳላማው መሸነፍ ብቻ ቀረኝ፤ እሱማ ምን ችግር አለው ብዬ። ጥሩ ካርታ ይዤ ወጣሁ። ደግሜ ወጣሁ። ሦስተኛ ስወጣ ማማሩ ከጎኔ «ንጉሡ ምን ነካህ? እያዘንክለት ነው እንዴ?» አለ። እንዳላማው ቀና ብሎ አየኝ። ደነገጥኩ። እሷ እንዴት ነበር የምታደርገው? ካርታ ትጥላለች፣ ወጥ ታሳርራለች፣ ሰው ይስቃል። እኔ ካርታ ብጥል ማን ያምነኛል? ንጉሡ ነኝ እኮ።

ነገሩን ባንድ ጊዜ ልጨርሰው አሰብኩ። የደረሰኝ ካርታ ምንም የሌለው ነው፤ ጥንድ እንኳ የለበትም። እንዳላማው ከቆርኪው ግማሹን ገፋ። የሆነ ነገር ይዟል፤ ካርታውን ከደረቱ አያላቅቅም። እኔ የእሱን ቆርኪ ሁሉ የሚያስይዝ ገፋሁበት። ቢገባ ይበላኛል፤ ከፊቱ ያለው እጥፍ ይሆናል። መግባት ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

«ግባ» አልኩት።

ካርታውን አየ፣ እኔን አየ። ግንባሩ ላይ ላብ አለ።

«ግባ እንዳላማው። ግባ ስልህ!»

ሰው ሳቀ። እንዳላማውም ፈገግ አለ፤ የመረረ ፈገግታ ነው። «ይህችን ፉከራማ እናውቃታለን» አለ። «ከንጉሡ ጋር ማን ይገባል? ወጥቻለሁ።» የቀረችውንም ቆርኪ ወደ እኔ ወርወር አደረጋት። «በቃኝ።»

ያኔ ነው ያበላሸሁት። አፌን ሳልይዘው «ተራውን አንተ ውሰደው» አልኩ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት።

ንፍሮ የሚቆረጥመው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ።

«እኔ ምን ሆኜ?» አለ እንዳላማው።

«ምንም። እኔ ገና መውረዴ ነው፣ ደክሞኛል፣ አንተ ደግሞ...»

«እኔ ደግሞ ምን?»

 ዓይኔ ሳልፈቅድለት ወደ ጫማው ሄደ። አየኝ። እግሩን ወደ አግዳሚው ሥር ሰበሰበ፤ ፊቱ ተለወጠ። ያን ፊት አውቀዋለሁ። ያን ቀን ጓዳ ውስጥ ሳህኑን ሳይ የኔ ፊት እንዲያ ሳይሆን አይቀርም።

«እኔ ለእትዬ ዘርፌ ነው የመጣሁት» አለ እየተነሣ። «ለማኝ ሆኜ አይደለም። በልተሃል፤ ተራህ ነው፤ ሂድ።»

ቆሞ ነጠላውን ሲያስተካክል ማማሩ «ቆይ ግን ምን ይዞ ነው?» ብሎ የሻይ ብርጭቆዬን አነሣ። ካርታዬን መቼ እዚያ ሥር እንደሸጎጥኩት አላውቅም። ማማሩ ገልብጦ አየና ለሰው ሁሉ ከፍ አድርጎ ዘረጋው።

«ባዶ! ምንም የለውም እኮ! በባዶ እጁ በላው!»

ድንኳኑ በአድናቆት ተናጋ። ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስተው አጨበጨቡ። እንዳላማው በሩ ላይ ደርሶ ዞረና ካርታውን አንድ በአንድ አየው። እሷ ሦስት አስ ይዛ ስትሸነፍልኝ እኔ ቀና ብዬ ሄድኩ፤ እኔ ባዶ እጄን ይዤ ለአንድ ለራበው ሰው መሸነፍ አቃተኝ። እንዳላማው ጀርባውን ሰጥቶን ወጣ።

«በል እንጂ ፎክር!» አለኝ ማማሩ ትከሻዬን እየመታ።

ተነሥቼ ተከትዬው ወጣሁ።  መናኸሪያው በር ላይ ሚኒባስ ቆሞ ረዳቱ «ዳባት! ጎንደር! ሁለት ሰው! ሁለት ሰው!» እያለ ይጣራል። እንዳላማው በአጠገቡ አለፈ። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው የዳባትን መንገድ በእግሩ ያዘ።